የሮኬት ሞተር ሙከራ አደጋዎች፦ የግል የጠፈር በረራ በምድር ላይ የሚያስከፍለው ዋጋ

ሪያድ፦ የሳዑዲ ዓረቢያ ጠፈርተኞች ራያና በርናዊ እና ዓሊ አል-ቀርኒ ሜይ 21 ቀን 2023 ከፍሎሪዳ ወደ ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ሲጓዙ የተሳፈሩት አክሲዮም ስፔስ የተባለው የግል ኩባንያ ባዘጋጀው በረራ ነበር። ያጓጓዛቸው ሮኬትና ድራጎን የተሰኘችው መንኮራኩር ደግሞ ስፔስኤክስ የተባለው ሌላ የግል ኩባንያ የሠራቸው ናቸው። ይህ ጉዞ ከመደረጉ አራት ዓመት ቀደም ብሎ፣ የዚያው ዓይነት ሌላ መንኮራኩር የማምለጫ ሞተሮቿ በመሬት ላይ ሲሞከሩ ፈንድታ ሙሉ በሙሉ ወድማለች። በፍንዳታው የተጎዳ ሰው አልነበረም። ይህም የሆነው መንኮራኩሯ ሰው ስላልተሳፈረባት፣ በአቅራቢያዋም ማንም እንዳይቆም አስቀድሞ ተከልክሎ ስለነበረ ነው።

የጠፈር በረራ አደጋ ሲነሣ ብዙዎች የሚያስቡት ሮኬቱ ከተወነጨፈ በኋላ የሚደርሰውን ነው። ይሁን እንጂ ከማስወንጨፉ ዕለት በፊት በበረሃና በባሕር ዳርቻ በሚገኙ የሙከራ ጣቢያዎች የሚከናወነው ሥራም ከባድ አደጋ የሚያስከትልበት ጊዜ አለ። በዚህ ጽሑፍ አደጋው ከየት እንደሚመነጭ፣ በግል ኩባንያዎች ዘንድ ምን እንደደረሰና የሰው ሕይወት እንዴት እንደሚጠበቅ ይዳሰሳል። በጽሑፉ የተጠቀሱት ቀኖች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የሙከራው ደረጃዎች

አንድ የሮኬት ሞተር ለበረራ ከመብቃቱ በፊት በተከታታይ ደረጃዎች ይፈተሻል። በመጀመሪያ ቫልቮቹ፣ ቧንቧዎቹና ታንኮቹ ለየብቻ በግፊት ይሞከራሉ። ቀጥሎ እሳት ሳይለኮስ ፈሳሹ ብቻ በሞተሩ ውስጥ እንዲያልፍ የሚደረግበት ቀዝቃዛ ሙከራ ይከናወናል። ከዚያም ሞተሩ በጽኑ መሠረት ላይ ታስሮ ይቀጣጠላል። በመጨረሻም የተገጣጠመው ሮኬት ከመሬት እንደታሰረ ሞተሮቹ ለጥቂት ሴኮንዶች ይነሣሉ።

እያንዳንዱ ደረጃ ስሕተትን ከበረራ በፊት ለማግኘት የታሰበ ነው። በመሆኑም በሙከራ ላይ ሞተር መፈንዳቱ ብቻውን የሥራው ውድቀት ማስረጃ አይሆንም። በመሬት ላይ የተገኘ ጉድለት በአየር ላይ ሰው ከመግደሉ በፊት ታውቋል ማለት ነው። ዋናው ጥያቄ ጉድለቱ በሚገለጥበት ቅጽበት በአካባቢው ሰው ነበረ ወይስ አልነበረም የሚለው ነው።

አደጋው ከየት ይመነጫል?

የፈሳሽ ነዳጅ ሮኬት ነዳጁንና ኦክሲጅኑን አብሮ ይሸከማል። ፈሳሽ ኦክሲጅን ከዜሮ በታች በ183 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ የሚፈላ ሲሆን፣ ከዚህ ታንክ ጥቂት ሜትሮች ርቆ የሚገኘው የማቃጠያ ክፍል ከ3 ሺህ ዲግሪ በላይ ይሞቃል። በሁለቱ መካከል በደቂቃ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዙር የሚዞር ፓምፕ አለ። በፓምፑ ውስጥ የአንዲት ብረት ቅንጣት መላላጥ ወይም የአንድ ማሸጊያ ማፍሰስ ለእሳት በቂ ነው። ንጹሕ ኦክሲጅን ባለበት ሥፍራ በተለመደው አየር የማይነዱ ብረቶች ሳይቀሩ ይነድዳሉ።

ሁለተኛው የአደጋ ምንጭ የማቀጣጠያው ቅጽበት ነው። ነዳጁና ኦክሲጅኑ ወደ ማቃጠያው ክፍል ገብተው እሳቱ በሴኮንድ ክፍልፋይ ቢዘገይ፣ የተጠራቀመው ድብልቅ በአንድ ጊዜ ይቀጣጠልና ሞተሩን ይሰባብራል።

ሦስተኛው የታመቀ ጋዝ ነው። ውኃ በግፊት ሲታመቅ መጠኑ እምብዛም ስለማይቀንስ፣ ውኃ የሞላው ታንክ ቢሰነጠቅ ግፊቱ ወዲያው ይበርዳል። ጋዝ ግን እንደ ተጨመቀ ምንጭ ብረት ጉልበት ያከማቻል፤ የያዘው ዕቃ ሲሰበር ጉልበቱን ሁሉ በአንድ ጊዜ ይለቃል። የአዲስ ታንክ ጥንካሬ በተቻለ መጠን በውኃ የሚፈተሸው በዚህ ምክንያት ነው። በጃንዋሪ 2022 በካሊፎርኒያ በሚገኘው የስፔስኤክስ ፋብሪካ የራፕተር ሞተር በግፊት ሲፈተሽ ተፈናጥሮ የወጣ ክፍል በአንድ ሠራተኛ ላይ ከባድ የጭንቅላት ጉዳት አድርሷል። በዚያ ፍተሻ እሳት አልተለኮሰም፤ ጉዳቱን ያደረሰው ግፊቱ ብቻ ነው።

አራተኛው ዓይነት ዐይን የማያየው ነው። መንኮራኩሮች የሚጠቀሙባቸው ሃይድራዚንና ናይትሮጅን ቴትሮክሳይድ ሲገናኙ ያለ ክብሪት የሚነዱ ከመሆናቸውም በላይ ሁለቱም መርዛማ ናቸው። ቧንቧ ለማጽዳት የሚያገለግለው ናይትሮጅን ደግሞ መርዝ ባይሆንም ቀለምና ሽታ ስለሌለው በዝግ ክፍል ውስጥ ኦክሲጅኑን ተክቶ ሰውን ሳያስጠነቅቅ ይገድላል። ማርች 19 ቀን 1981 የአሜሪካ የጠፈር ማመላለሻ መንኮራኩር ኮሎምቢያ ለበረራ ስትዘጋጅ፣ ናይትሮጅን ወደሞላበት ክፍል የገቡ ሠራተኞች ለሞት የተዳረጉት በዚህ መንገድ ነበር።

ሞሃቪ 2007፦ እሳት ያልነበረበት ሙከራ

በግል የጠፈር በረራ ታሪክ በሙከራ ሥፍራ ከደረሱት አደጋዎች እጅግ አሳዛኙ ጁላይ 26 ቀን 2007 በካሊፎርኒያ ሞሃቪ በረሃ የተከሰተው ነው። ስኬልድ ኮምፖዚትስ የተባለው ኩባንያ ከሦስት ዓመት በፊት ስፔስሺፕዋን በተሰኘች መንኮራኩሩ የ10 ሚሊዮን ዶላር ሽልማት አሸንፎ ነበር። በዚያ ዕለት ደግሞ ለቨርጂን ጋላክቲክ መንገደኞች ለሚያዘጋጃት አዲስ መንኮራኩር የሞተር ክፍል እየሞከረ ነበር።

ሙከራው ቀዝቃዛ ነበር። ናይትረስ ኦክሳይድ የተባለው ጋዝ ከታንክ ወጥቶ በማስገቢያው ውስጥ ለጥቂት ሴኮንዶች እንዲያልፍ ከማድረግ በቀር የሚለኮስ ነገር አልነበረም። ይህ ጋዝ የጥርስ ሐኪሞች ለማደንዘዣነት የሚጠቀሙበት በመሆኑ በብዙዎች ዘንድ እንደ ገራም ይታያል። ነገር ግን በግፊት ታምቆ ሳለ ሙቀት ወይም ባዕድ ነገር ካገኘው ራሱን በራሱ አፍርሶ ከፍተኛ ሙቀት ይለቃል፤ ለዚህም የሌላ ነዳጅ እገዛ አያሻውም።

ታንኩ ሲፈነዳ ሦስት ሠራተኞች ሞቱ፤ ሌሎች ሦስት ክፉኛ ቆሰሉ። ተጎጂዎቹ ሙከራውን በቅርብ ርቀት ይከታተሉ የነበሩ ሲሆኑ፣ ከፍንዳታው የሚለያቸው የሽቦ አጥር ብቻ ነበር። የካሊፎርኒያ የሥራ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ባደረገው ምርመራ ሠራተኞቹ ስለ ጋዙ አደገኛነት በቂ ሥልጠና እንዳልተሰጣቸው በመግለጽ በኩባንያው ላይ ከ25 ሺህ ዶላር በላይ ቅጣት ጣለ። ኩባንያው ትክክለኛውን የፍንዳታ መነሻ ለይቶ ማወቅ ባይችልም፣ ከጋዙ ጋር የማይስማሙ ቁሶችን ማስወገድን፣ የጽዳት ሥርዓቱን ማጥበቅንና የታንኩን የውስጥ ሽፋን በብረት መተካትን የሚጨምሩ ማሻሻያዎችን አሳውቋል።

ከዚህ አደጋ የሚወሰደው ትምህርት ግልጽ ነው። ያ ታንክ በዚያው ሰዓት ሰው በሌለበት ቢፈነዳ ኖሮ የሚጠፋው ንብረትና ጊዜ ብቻ በሆነ ነበር። ሙከራው እሳት የሌለበት መሆኑ ሰዎቹ እንዲቀርቡ አደፋፈረ፤ መቅረባቸው ደግሞ ለሞት ዳረጋቸው።

ከ2016 እስከ 2019፦ መንስዔን ፈልፍሎ ማግኘት

ሴፕቴምበር 1 ቀን 2016 በኬፕ ካናቨራል አንድ ፋልከን 9 ሮኬት ለታሰረ የሞተር ሙከራ ነዳጅ በሚሞላበት ጊዜ ፈነዳ። በጫፉ ላይ የነበረችው አሞስ 6 የተባለች የመገናኛ ሳተላይትም አብራ ጠፋች። በምርመራ እንደተረጋገጠው ምክንያቱ በሮኬቱ ሁለተኛ ክፍል የኦክሲጅን ታንክ ውስጥ የነበረ የሂሊየም ሲሊንደር ነው። ሲሊንደሩ ከአሉሚኒየም ተሠርቶ በካርቦን ክር የተጠቀለለ ነበር። እጅግ የቀዘቀዘ ኦክሲጅን በአሉሚኒየሙና በክሩ መካከል ገብቶ ተጠራቀመ፤ ግፊቱ ሲጨምርም ተቀጣጠለ። ሥፍራው ከሰው የጸዳ ስለነበር የሞተም የቆሰለም አልነበረም።

በሪያድ ዋና መሥሪያ ቤቱን ያደረገው ዓረብሳት የ6ኤ ሳተላይቱን ኤፕሪል 11 ቀን 2019 በፋልከን ሄቪ ሮኬት ወደ ኅዋ ላከ። በዚያው ዕለት የሮኬቱ ሁለት የጎን ክፍሎች ወደ ኬፕ ካናቨራል ተመልሰው በሰላም አረፉ። በዘጠነኛው ቀን፣ ኤፕሪል 20፣ በዚያው የማረፊያ ቀጣና በተዘጋጀ የሙከራ ሥፍራ በመግቢያው የተጠቀሰችው የድራጎን መንኮራኩር ፈነዳች። መንኮራኩሯ ከአንድ ወር በፊት ሰው ሳይጫንባት ወደ ጠፈር ጣቢያው ደርሳ የተመለሰች ነበረች።

ፍንዳታው የደረሰው ስምንቱ የማምለጫ ሞተሮች ሊቀጣጠሉ አንድ መቶ ሚሊ ሴኮንድ ያህል ሲቀር ነው። ጥቂት ናይትሮጅን ቴትሮክሳይድ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ማሳለፍ በሚገባው ቫልቭ በኩል አፍስሶ በሂሊየሙ ቧንቧ ውስጥ ተኝቶ ነበር። ሥርዓቱ በከፍተኛ ግፊት ሲሞላ ይህ ፈሳሽ በታላቅ ፍጥነት ተመልሶ ቫልቩን መታው፤ ከቲታንየም የተሠራው የቫልቩ ክፍልም ተቀጣጠለ። ቲታንየም በእንዲህ ያለ ሁኔታ ይነድዳል ተብሎ አልተጠበቀም ነበር። መሐንዲሶቹ ቫልቮቹን አስወግደው የተወሰነ ግፊት ሲደርስ ብቻ በሚቀደዱ ክዳኖች ተኩ። የማምለጫ ሥርዓቱ ጃንዋሪ 19 ቀን 2020 በበረራ ላይ ተሞክሮ ሠራ፤ በዚያው ዓመት ሜይ 30 የመጀመሪያዎቹ ጠፈርተኞች ተሳፈሩ። የሳዑዲ ጠፈርተኞችም በ2023 የተጓዙት በዚህ መልክ ከታረመው ሥርዓት ጋር ነው።

የቅርብ ዓመታት ክስተቶች

ኩባንያዎች በበዙ ቁጥር የሙከራ አደጋዎችም በየአህጉሩ ታይተዋል። ጁን 30 ቀን 2023 የብሉ ኦሪጅን ቢኢ-4 ሞተር በምዕራብ ቴክሳስ በተቀጣጠለ 10 ሴኮንድ ያህል ውስጥ ፈነዳ። ልክ በዓመቱ ጁን 30 ቀን 2024 በቻይና ሄናን ግዛት ጎንግዪ ከተማ የቲያንሎንግ-3 ሮኬት የመጀመሪያ ክፍል ዘጠኝ ሞተሮቹ ሲሞከሩ ማሰሪያው ተበጥሶ ወደ ሰማይ ተነሣ። ኮምፒዩተሩ ሞተሮቹን ካጠፋ በኋላ ከሙከራ ሥፍራው 1.5 ኪሎ ሜትር ርቆ በሚገኝ ተራራማ ቦታ ወድቆ ነደደ። ኦገስት 19 ቀን 2024 ደግሞ የጀርመኑ ሮኬት ፋክትሪ አውግስቡርግ ኩባንያ ሮኬት በስኮትላንድ ሼትላንድ ደሴቶች በሞተር ሙከራ ላይ በእሳት ወደመ። ጁን 18 ቀን 2025 ሌሊት በቴክሳስ የስታርሺፕ መንኮራኩር ሞተሮቿ ከመቀጣጠላቸው በፊት በታመቀ ናይትሮጅን መያዣ ብልሽት ምክንያት ፈነዳች።

በአራቱም ክስተቶች የሰው ሕይወት አልጠፋም። ይሁንና የጎንግዪው ክስተት የጥበቃው ወሰን ከሙከራ ጣቢያው አጥር ውጭም ሊዘረጋ እንደሚገባ አሳይቷል። ሮኬቱ የወደቀው ነዋሪዎች ካሉበት ከተማ ብዙም ሳይርቅ ነበርና።

የሰው ሕይወት እንዴት ይጠበቃል?

የመጀመሪያው ጥበቃ ርቀት ነው። ነዳጅ ወይም ጋዝ በግፊት መሞላት ከጀመረበት እስኪራገፍ ድረስ በአደጋው ክልል ውስጥ ማንም ሰው አይገኝም፤ ሥራው ሁሉ ከሩቅ መቆጣጠሪያ ክፍል በካሜራና በመለኪያዎች ይከናወናል። ሁለተኛው ሰው ወደ ሥፍራው የሚመለስበት ሥርዓት ነው። ሙከራው ሳይሳካ ሲቀር አንድ ባለሙያ ምን እንደተበላሸ ለማየት መቸኮሉ የተለመደ ነው፤ ሆኖም ግፊቱ እስኪወርድና ጋዙ እስኪለካ መጠበቅ ግዴታ ነው።

ሦስተኛው ሥልጠና ነው። ጽዳት የሚሠራውም ሆነ ቧንቧ የሚገጥመው ሠራተኛ የሚነካው ነገር ምን ሊያደርግ እንደሚችል ማወቅ አለበት። አራተኛው ሙከራውን የማስቆም ሥልጣን ነው። ኩባንያ ለገበያ ሲሽቀዳደም የጊዜ ሰሌዳ ግፊት ይበረታል። ስለዚህ የደኅንነት ኃላፊው «ቁም» ሲል ሥራ አስኪያጁም ሆነ ደንበኛው ሊሽረው የማይችል መሆን ይኖርበታል።

በጠጣር ነዳጅ የሚሠሩ ሞተሮች የበለጠ ጥንቃቄ ይሻሉ። አንድ ጊዜ ከተቀጣጠሉ ማጥፊያ የላቸውምና። ኦገስት 22 ቀን 2003 በብራዚል አልካንታራ የመንግሥት ሮኬት ሊወነጨፍ ቀናት ሲቀሩት አንዱ ሞተር ሳይታሰብ ተቀጣጥሎ በማማው ላይ ይሠሩ የነበሩ 21 ሰዎች አልቀዋል።

ለደንበኛ አገሮች ያለው ትርጉም

ሳተላይት የሚያስወነጭፉ አገሮች ብዙዎቹ የራሳቸው ሮኬት የላቸውም። የኢትዮጵያ የመጀመሪያ ሳተላይት ኢቲአርኤስኤስ-1 ዲሴምበር 20 ቀን 2019 የተወነጨፈችው ከቻይና ታይዩዋን ጣቢያ ነው። የሳዑዲ ዓረቢያ ሳተላይቶችም በአውሮፓ፣ በአሜሪካና በሌሎች አገሮች ሮኬቶች ተጉዘዋል። ለእነዚህ አገሮች የሙከራ አደጋ የሩቅ ወሬ ሊመስል ይችላል።

የ2016ቱ ፍንዳታ ግን ጉዳዩ ደንበኛውንም እንደሚመለከት አስገንዝቧል። ሳተላይቷ በሙከራው ጊዜ በሮኬቱ ጫፍ ላይ ባትሰቀል ኖሮ ባልጠፋች ነበር። ከዚያም በላይ ሞተሩ ገና ስላልተቀጣጠለ የማስወንጨፊያው መድን ሥራ አልጀመረም፤ ጉዳቱ የተሸፈነው ከዚያ በፊት ያለውን ጊዜ በሚመለከት ሌላ መድን ነው። ስለዚህ ውል የሚፈራረም አገር ሳተላይቱ በሮኬቱ ላይ የሚሰቀለው ከሙከራው በፊት ነው ወይስ በኋላ፣ መድኑስ ከየትኛው ሰዓት ይጀምራል ብሎ መጠየቅ ይገባዋል።

ከዚህ ሁሉ የሚቀድመው ጥያቄ ግን በሙከራው ሰዓት ሠራተኞቹ የት ይቆማሉ የሚለው ነው። የወደመ ሞተር ተመርምሮ ሌላ ይሠራል፤ ከሞሃቪ ያልተመለሱትን ሦስቱን ሰዎች የሚተካ ግን የለም።