ሶደሬና «ሲምቦሊክ» የተባለው ቅጽል

«ሲምቦሊክ» የተባለው የእንግሊዝኛ ቅጽል ወደ አማርኛ ሲመለስ እንደየአገባቡ ሁለት መልክ ይይዛል። ስለ ቅኔ ወይም ስለ ሰንደቅ ዓላማ ሲነገር «ምሳሌያዊ» ወይም «ትእምርታዊ» ይባላል፤ ይኸውም የሚታየው የማይታየውን ይወክላል ማለት ነው። ስለ ውል ወይም ስለ ሹመት ሲነገር ግን ብዙውን ጊዜ «ለይስሙላ የተደረገ» ከማለት አይርቅም። የፊተኛው ክብር ይሰጣል፤ የኋለኛው ክብር ይነሣል። ስለዚህ ተርጓሚም ሆነ የታሪክ ጸሐፊ አንዱን በመረጠ ጊዜ ፍርድ መስጠቱ ነው።

ለዚህ የሶደሬ ጉባኤ ጥሩ አብነት ይሆናል። በአዋሽ ዳር የሚገኘው ሶደሬ በይበልጥ የሚታወቀው በፍል ውኃው ነው። ይሁን እንጂ 26 የሶማሊያ አንጃዎች በኢትዮጵያ ሸምጋይነት ተሰብስበውበት፣ ታኅሣሥ 25 ቀን 1989 ዓ.ም. 41 አባላት ያሉት የብሔራዊ መዳን ምክር ቤት አቋቁመዋል። ከአምስቱ ተባባሪ ሊቃነ መናብርት መካከል ዓሊ ማሕዲና አብዱላሂ ዩሱፍ ይገኙ ነበር። ሁሴን አይዲድ ግን አልመጡም፤ በ1983 ዓ.ም. ነጻነቱን ያወጀው ሶማሊላንድም አልተካፈለም። በቦሳሶ እንዲደረግ የታቀደው ቀጣይ ጉባኤ ሳይደረግ ቀረ። በታኅሣሥ 1990 ዓ.ም. ደግሞ በካይሮ ሌላ ስምምነት ተፈረመ። በዚህኛው ሁሴን አይዲድ ሲፈርሙ አብዱላሂ ዩሱፍ ጥለው ወጡ።

ታዲያ የሶደሬው ውል ለይስሙላ ነበርን? መልሱን የቃሉ ሥር ይጠቁማል። በጥንታዊው ግሪክ «ሲምቦሎን» ማለት ለሁለት የተሰበረ ምልክት ነበር። ወዳጅነት ወይም ውል የገቡ ሰዎች እያንዳንዳቸው ግማሹን ይይዛሉ፤ በኋላ ሲገናኙ ሁለቱን ገጥመው ቃል ኪዳናቸውን ያረጋግጣሉ። ግማሹ ብቻውን ሐሰት አይደለም፤ ሙሉ ማስረጃም ግን አይሆንም።

የሶደሬው ጉባኤ እንዲህ ያለ ግማሽ ነበር። በሶደሬ የጎደለው ፈራሚ በካይሮ ተገኘ፤ በሶደሬ የነበረውም በካይሮ ጎደለ። አብዱላሂ ዩሱፍ በኬንያ በተደረገው ጉባኤ የሶማሊያ የሽግግር ፕሬዚዳንት ሆነው የተመረጡት በመስከረም 1997 ዓ.ም. ነው፤ ከሶደሬ ወዲህ ስምንት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው።

እንግዲህ «ለይስሙላ» የሚለው ቃል፣ ተዋዋዮቹ ከመጀመሪያው ላይፈጽሙ አስበው ለታይታ ብቻ ለፈረሙት ውል ይቆይ። ተዋዋዮቹ ድርሻቸውን ይዘው የቀረውን ወገን ለጠበቁበት ውል የሚስማማው «ትእምርታዊ» ነው። ቃሉን በቦታው ማዋል ያልተሳካን ጥረት ከማታለል ለይቶ መመስከር ነውና።