15 ቀን በአይከል

ስሙኝማ፣ የአይከልን ነገር ላውጋችሁ።

ከጎንደር ተነሥታችሁ የመተማን መንገድ ይዛችሁ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ስትሄዱ፣ ጭልጋ ላይ አይከልን ታገኛላችሁ። ወደ ቆላ የሚወርድ ሁሉ በእሷ ያልፋል፤ ነጋዴው፣ የቀን ሠራተኛው፣ ሱዳን ልሻገር ያለው ወጣት፣ አሻጋሪ ደላላውም ጭምር። መንገዱ ክስም ይዞ ይመጣል። የከብት ስርቆት፣ የወሰን ጠብ፣ ኮንትሮባንድ፣ የሰው ነፍስ።

ፖሊስ መርምሮ መዝገቡን ለዐቃቤ ሕግ ይሰጣል። ከዚያ ሕጉ ቀን መቁጠር ይጀምራል። የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 109 ዐቃቤ ሕጉ መዝገቡ በደረሰው በ15 ቀን ውስጥ ክሱን ያዘጋጅ ይላል። 15 ቀን! ሕጉን ያረቀቁት ወንበሩ ላይ ሰው አለ ብለው ነው።

እንግዲህ ያ ሰው ለቀቀ እንበል። ወጣት ነው፤ ሕግ ተምሮ፣ ሠልጥኖ ወረዳ ተመድቧል። ደመወዙ የቤት ኪራይ ተከፍሎበት ወር አያደርስም። የከሰሰው ሰው ዘመድ ገበያ ላይ ፊት ለፊት ያገኘዋል። በ2013 ዓ.ም. አይከል የተኩስ ድምፅ ሰምታለች፤ ከ2015 ክረምት ወዲህ ደግሞ ክልሉ በሙሉ ሰላም አጥቷል። ልጁ መዝገብ ማንበብ፣ ምስክር መመርመር፣ የአገሩን ሽማግሌ ማወቅ ሲጀምር የጥብቅና ፈቃድ አውጥቶ ጎንደር ይገባል፤ ወይም ባንክ ይቀጠራል። እኔ አልፈርድበትም።

መዝገቦቹ ግን ይቀራሉ። የቀረው ባልደረባ ጠዋት ችሎት ይቆማል፣ ከሰዓት የራሱን ምስክሮች ያዘጋጃል፣ ማታ የሄደውን ሰው መዝገብ እንደ አዲስ ያነባል። የሄደው ምስክሩን በዓይኑ አይቶት ነበር፤ የትኛው እንደሚፈራ፣ የትኛው እንደሚደፍር ያውቅ ነበር። ይህ በመዝገቡ ውስጥ አልተጻፈም። የሰሊጥ አጨዳ ሲደርስ ምስክሩ መተማ ይወርዳል፣ መጥሪያው ሳይደርሰው ይመለሳል። ሌላ ቀጠሮ። ደግሞ ሌላ ቀጠሮ።

አባት የተገደለባቸው ልጆች በዚህ ጊዜ ቤታቸው ተቀምጠው ምን ያስባሉ? ጎንደሬ ያውቀዋል። ደም መመለስ የሚሉት ነገር በእኛ አገር አልሞተም፤ የዘገየ ክስ ደግሞ ያነቃዋል። ለእኔ የሰው ኃይል እጥረት የሚሉት ነገር ዋና ጉዳቱ እዚህ ላይ ነው።

ጉዳዩ የአይከል ብቻም አይደለም፣ የዛሬም አይደለም። ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ሲሾሙ አፈ ንጉሥ ነሲቡን የፍርድ ሚኒስትር አደረጉ፤ ሹመቱ በአንድ ቀን ሆነ፣ ሥራውን የሚችል ሰው ማፍራት ግን ዘመናት ፈጀ። የቀይ ሽብር ክስ በ1987 ተጀምሮ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ጥፋተኛ የተባለው በ1999 ነው፤ የዳኛና የዐቃቤ ሕግ እጥረት አንዱ ምክንያት ነበር። በ2014 ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ፍትሕ ሚኒስቴር ተባለ። ስሙ መለወጡን አልቃወምም፤ ወረዳ ላይ ያለው ወንበር ግን ሰው ይፈልጋል።

ስለዚህ ልመናዬን ለዞኑም ለክልሉም እናገራለሁ። ለዐቃቤ ሕጉ አይከል ላይ ቤት ስጡት። ለሕይወቱ ጥበቃ አድርጉለት። ልልቀቅ ሲል ደግሞ አትከልክሉት፤ ተተኪው አጠገቡ ተቀምጦ መዝገቦቹን አንድ በአንድ ይረከበው፣ ምስክሮቹንም በአካል ያስተዋውቀው፤ መልቀቂያው ከዚያ በኋላ ይፈረም።