በጎበድራ ካባ ሳይነቀል የቀረው ሐውልት

ስለ አክሱም ሐውልቶች ቁመትና ቅርጽ ብዙ ተጽፏል፤ ስለ ተፈለጡበት ስፍራ የተጻፈው ግን ጥቂት ነው። ሥራው የተጀመረው ከከተማው በስተ ምዕራብ 4 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኘው በጎበድራ ኮረብታና በአካባቢው በነበሩት የድንጋይ ካባዎች ነው።

የኮረብታው ድንጋይ የቀለጠ ዓለት ቀዝቅዞ የፈጠረው፣ ኔፌሊን ሳየናይት የተባለው ጠንካራ ድንጋይ ነው። ጠራቢዎቹ ይህን ድንጋይ የፈለጡበት ዘዴ ዛሬም ከዓለቱ ላይ ይነበባል። በመጀመሪያ የሐውልቱ ጠርዝ በሚያልፍበት መስመር አራት ማዕዘን ጉድጓዶችን ተራ በተራ ይፈለፍሉ ነበር፤ ቀጥሎም በየጉድጓዱ ሽብልቅ ያስገባሉ። ሽብልቁ ብረት ሆኖ በመዶሻ ይመታ ነበር የሚሉ ሊቃውንት አሉ፤ እንጨት ሆኖ ውሃ ሲጠጣ እያበጠ ዓለቱን ይሰነጥቅ ነበር የሚሉም አሉ። በሁለቱም መንገድ ቢሆን ጉድጓዶቹ ከመስመር ከወጡ ስንጥቁ ወዳልታሰበበት ይሄዳል፤ የብዙ ቀን ድካምም ከንቱ ይቀራል።

በጎበድራ ከእናት ዓለቱ ሊላቀቅ ጥቂት የቀረው ሐውልት እስከ ዛሬ እዚያው ተኝቷል። ያለቀለት ሐውልት የሠሪውን ዱካ በልስላሴው ይሰውራል፤ ይህ ያላለቀው ግን እያንዳንዱን የሥራ ደረጃ ገልጦ ያሳያል። በኮረብታው ዓለት ላይ የተቀረጸችውን የ3 ሜትር ያህል አንበሳም የአገሩ ሰዎች ቅዱስ ሚካኤል ታግሎ የጣላት ናት ይላሉ።

የሥራውን ክብደት ለመገመት አንድ ምሳሌ ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ1937 ወደ ሮም የተወሰደውና 24 ሜትር ያህል ቁመት፣ 160 ቶን ያህል ክብደት ያለው ሐውልት በ2005 ሲመለስ በሦስት ተከፍሎ በአውሮፕላን መጣ። የጥንቶቹ ባለሙያዎች ግን ይህንኑ ሐውልት ሞተር በሌለበት ዘመን አንድ ወጥ እንዳለ ከካባ አምጥተው አቁመውታል።

የጀርመን የአክሱም ጉዞ እ.ኤ.አ. በ1906 አካባቢውን መዘገበ፤ በዴቪድ ፊሊፕሰን የተመራው ቡድንም ከ1993 እስከ 1997 ባደረገው ጥናት ካባዎቹን መረመረ። አክሱም በ1980 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ሆኖም ሐውልት ቢሰበር ሰው ሁሉ ያዝናል፤ የሽብልቅ ጉድጓድ ያለበት ዓለት ለግንብ ቢፈለጥ ግን ልብ የሚለው ጥቂት ነው። ለመንገድና ለሕንፃ ድንጋይ በሚፈለግበት ጊዜ አስቀድሞ ከዓለቱ ዘንድ የሚደርሰው የሙያው ሰው ነው። ስለዚህ ዲጂኖው ከማረፉ በፊት ጉድጓዶቹን መለካትና መንደፍ የእርሱ ግዴታ ነው፤ የእነዚያ ጠራቢዎች ስም አልተጻፈም፣ የእጃቸው ጽሑፍ ይህ ብቻ ነውና።