የክር ውፍረትና የመርፌ ልክ፦ ከወለጋ ፈታዮች እስከ ሹራብ ሠሪዎች

የአንድ ሕዝብ የእጅ ጥበብ ታሪክ ሲጻፍ ዘወትር የሚወሳው ተሠርቶ ያለቀው ልብስ ነው። ልብሱ ከመጀመሩ በፊት ስለ ክሩ ውፍረትና ስለ መሣሪያው ልክ የተደረገው ምርጫ ግን በዝምታ ይታለፋል። የሠራተኛው ዕውቀት በአብዛኛው የተቀመጠው በዚያ ምርጫ ውስጥ ስለሆነ ዝምታው ቀላል ጉድለት አይደለም። በነቀምቴ፣ በጊምቢ፣ በነጆ፣ በደምቢ ዶሎና በሻምቡ ከተሞች ሹራብና ዳንቴል መሥራት ከውጭ የመጣ ጥበብ ተደርጎ ይቆጠራል። የሹራብ መርፌውና ኪሮሹ ከውጭ መምጣታቸው እውነት ነው። ክርን ከመሣሪያና ከታሰበለት ልብስ ጋር የማመዛዘን ዕውቀት ግን በአገሩ ውስጥ ቀድሞ የነበረ ነው።

ይህን ለመረዳት የፈታይዋን እጅ መመልከት ይበቃል። ጥጡ ተዳምጦ ፍሬው ከወጣ፣ በደጋን ተነድፎ ባዘቶ ከሆነ በኋላ እንዝርት ላይ ሲደርስ ፈታይዋ አስቀድማ የምትመልሰው ጥያቄ አለ፦ ይህ ክር ለድር ነው ወይስ ለማግ? ድር በሸማኔው ዕቃ ላይ ተወጥሮ ስለሚውልና መፋተግን መቻል ስላለበት የከረረና የጠነከረ መሆን ይገባዋል። ማግ ግን ላላ ብሎ ወፈር ቢል ልብሱን ያለሰልሰዋል፣ ሙቀትም ይሰጠዋል። ሁለት ድርብ ለሆነው ነጠላ የሚፈተለው ማግ፣ አራት ድርብ ለሆነው ጋቢ ከሚፈተለው ይለያል። የወለጋን ብርድ ለሚመክተው ቡልኮ ደግሞ ከሁሉም የሚወፍር ክር ያስፈልጋል። እንግዲህ ጥጡ አንድ፣ እጁም አንድ ሆኖ ሳለ ውፍረቱን የሚወስነው የልብሱ ዓላማ ነው። ፈታይዋ ይህን በቁጥር አትጽፈውም፤ በአውራ ጣቷና በጠቋሚ ጣቷ መካከል ትለካዋለች። የሽመና ሥራ በተናቀበትና ሸማኔው በስድብ ስም በተጠራበት ሥርዓት ይህ ልኬት እንደ ዕውቀት ሳይቆጠር መቅረቱ አያስደንቅም።

አዲሱ መሣሪያ የገባው ከአዲሱ ትምህርት ጋር ነው። ኦነሲሞስ ነሲብ በ1904 እ.ኤ.አ. ወደ ነቀምቴ ሲመለሱ አብረዋቸው ከመጡት አንዷ አስቴር ጋኖ ነበሩ። አስቴር በ1886 እ.ኤ.አ. ከባሪያ ፈንጋዮች መርከብ ነጻ ወጥተው ምፅዋ አጠገብ በሚገኘው በእምኩሉ የስዊድን ወንጌላዊ ሚስዮን ትምህርት ቤት የተማሩ፣ በኦሮምኛ የቃላትና የሥነ ቃል ስብስብም ታላቅ ድርሻ ያላቸው ሴት ናቸው። ፌበን ሂርጴ ደግሞ በቦጂ ልጃገረዶችን አስተምረዋል። በሚስዮኑ የሴቶች ትምህርት ንባብና ጽሕፈት ከእጅ ሥራ ጋር ይሄዱ ነበር።

ይህ ቅንብር ከየት እንደ መጣ ማወቅ ይጠቅማል። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ በስቶክሆልም ሑልዳ ሉንዲን የተባለች መምህርት የልጃገረዶችን የእጅ ሥራ ትምህርት በአዲስ መልክ አደራጅታ ነበር። ከእርሷ በፊት መምህሯ ተማሪዎቹን አንድ በአንድ እየዞረች ታሳይ ነበር፤ ሉንዲን ግን ክፍሉ በሙሉ በአንድ ጊዜ የሚከታተለውንና ከቀላሉ ወደ ከባዱ የሚሄደውን ሥርዓት አስፋፋች። ሐሳቡ ትልቅ ነው። የዘመኑ ድክመት ግን የእጅ ሥራን ለሴት ብቻ መድቦ፣ ሴትንም ለቤት ብቻ መመደቡ ነበር። በእኛም አገር ሹራብ ለረጅም ጊዜ «የባልትና» ተብሎ ከቁም ነገር ትምህርት ውጭ መቆየቱ ከዚሁ አመለካከት አይርቅም።

የሹራብ ሥራ የሰሜን አውሮፓ የበግ ጠጕር ብቻ የወለደው ነው የሚለውም ትክክል አይደለም። በግብፅ የተገኙት ከ11ኛው እስከ 14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ይሠሩ የነበሩት ባለ ጥለት የእግር ሹራቦች ከጥጥ የተሠሩና እጅግ ቀጭን በሆነ መርፌ የተያዙ ናቸው። ጥጥና አፍሪካ ለዚህ ጥበብ ባዕዳን አልነበሩም ማለት ነው።

አሁን ወደ ጀማሪው እንመለስ፤ የነገሩ ክብደት ያለው እዚህ ላይ ነውና። ጀማሪ ሥራውን ጥሎ የሚሄደው አብዛኛውን ጊዜ እጁ ስለ ሰነፈ አይደለም፤ ክሩና መርፌው ስላልተስማሙ ነው። መርፌ እንደ ልብ በማይገኝበት ጊዜ የብስክሌት ራጂ ተስሎ ሹራብ መሥሪያ ሲሆን ታይቷል። ብልሃቱ የሚደነቅ ነው። ሆኖም ራጂ ውፍረቱ 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ የሚስማማው ከቀጭን ክር ጋር ነው። ወፍራም የሱፍ ክር በእርሱ ሲሠራ ዓይኖቹ ይታነቃሉ፣ መርፌው አልገባ ይላል፣ ሹራቡም እንደ ጣውላ ይደርቃል። በተቃራኒው ቀጭን ክር በወፍራም መርፌ ሲያዝ መረብ ይሆናል። ዳንቴል ሠሪዋ ይህንን መረብነት ሆን ብላ ትፈልገዋለች፤ የብርድ ልብስ ሠሪ ግን ይከስርበታል።

ለመጀመሪያ ሥራ የሚመረጠው መካከለኛ ውፍረት ያለው፣ ለስላሳና ያልተንጨፈረረ፣ ቀለሙም ፈካ ያለ ክር ነው። በጥቁር ክር ላይ የተሳሳተ ዓይን በፋኖስ ብርሃን ፈልጎ ማግኘት ፈተና ነው። ለእንዲህ ያለ ክር ከ4 ተኩል እስከ 5 ተኩል ሚሊ ሜትር የሆነ መርፌ ይስማማዋል፤ ኪሮሽ ከሆነ ከ5 ሚሊ ሜትር ጀምሮ ጥቂት ከፍ ያለው ይሻላል። ለጠረጴዛ ዳንቴል የሚሆነው ቀጭን የጥጥ ክር ከ2 ሚሊ ሜትር በታች የሆነ የብረት ኪሮሽ ስለሚጠይቅ ጀማሪን በእርሱ ማስጀመር ፊደል ያልቆጠረውን ቅኔ እንደ ማስቀኘት ነው። በመርፌ ቁጥርም መሳሳት አለ፦ በአሮጌው የእንግሊዝ አቆጣጠር 14 ቁጥር 2 ሚሊ ሜትር፣ 8 ቁጥር ደግሞ 4 ሚሊ ሜትር ነው፤ ቁጥሩ ሲያድግ መርፌው ይቀጥናል። በጥጥ ክር ቁጥርም እንዲሁ ነው። መርፌውን በሚሊ ሜትር ለክቶ መያዝ ከዚህ ግራ መጋባት ያድናል።

ልክን ሳይሞክሩ መጀመር ሌላው ጥፋት ነው። በ10 ሴንቲ ሜትር ላይ 20 ዓይን የሚያስገባ እጅ በ100 ዓይን 50 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያገኛል። እጁ ጠብቆ 25 ዓይን ካስገባ ያው 100 ዓይን 40 ሴንቲ ሜትር ብቻ ይሆንና ሹራቡ ለታሰበለት ሰው ቀርቶ ለታናሽ ወንድሙ ይተርፋል። እጅን በግድ ከማላላት ይልቅ መርፌውን በአንድ ደረጃ ማወፈር ይበጃል።

የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ሴቶች ማኅበር በ1972 ዓ.ም. ከተቋቋመ በኋላ የእጅ ሥራ ትምህርት ከሚስዮንና ከከተማ ቤተሰብ ወጥቶ በቀበሌ ደረጃ ወደ ሰፊው ሕዝብ ሴቶች ቀረበ። ከአንድ ዓመት በፊት የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻም ቁጥር አንብበው ሥራቸውን የሚለኩ እጆችን አበርክቶ ነበር። ይሁንና የፋብሪካ ክር በገበያው እየበዛ ሲሄድ እንዝርቱ ከብዙ ቤት ወጣ፤ ሹራብ ተማሪዋና ፈታይ አያቷም በአንድ ጣሪያ ሥር ሳይነጋገሩ ቀሩ። መነጋገር ግን ይችሉ ነበር። አንድ ነጠላ የማግ ክር እንዳለ ለሹራብ ቢውል ሥራውን ወደ አንድ ጎን ያጣምመዋል፣ በኪሮሹ ጫፍም ይሰነጠቃል። ሁለቱ ወይም ሦስቱ አንድ ላይ፣ መጀመሪያ ከተፈተሉበት በተቃራኒ አቅጣጫ ሲገመዱ ግን ጠማማነቱ ይጠፋል፣ ክሩም ይከብባል። ከዚያ በማስመሪያ ላይ ጎን ለጎን ተጠምጥሞ በ2 ሴንቲ ሜትር ተኩል ውስጥ 10 ዙር ያህል ከገባ መካከለኛ ክር ሆኗል፤ መርፌው 5 ሚሊ ሜትር ነው።