ሃምሳን ማን ቆረጠው?

አሰንዳቦ ከጅማ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች ከተማ ናት። ጤና ጣቢያዋን የጅማ ዩኒቨርሲቲ የጤና ተማሪዎች ያውቁታል፤ በቡድን ወጥተው ከሚሠለጥኑባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። እዚያ ተማሪው የሚመዘነው ሕመምተኛ ሲያይ፣ በአሠልጣኙ ዓይን ሥር ነው።

ለመመረቅና ለመቀጠር ግን ሌላ ሚዛን አለ። ከ2011 ጀምሮ ጤና ሚኒስቴር የሙያ ፈቃድ ፈተና ይሰጣል። በ2015 ደግሞ የመጀመሪያ ዲግሪ የመውጫ ፈተና መጣ፤ ማለፊያው 50 ከመቶ። በመጀመሪያው ዙር ከተፈተኑት 150,184 ተማሪዎች ያለፉት 61,054 ናቸው፤ ከመንግሥት ተቋማት 62 ከመቶ ገደማ፣ ከግል 17 ከመቶ ገደማ። ስለወደቁት ብዙ ተባለ። ሃምሳ ለምን ሃምሳ እንደሆነ ግን ጠያቂው ጥቂት ነበር።

የጥንቱ ትምህርት በመቶኛ አይመዝንም ነበር። የድጓ ተማሪ ዓመታት ከደከመ በኋላ ጋይንት፣ ቤተልሔም ሄዶ ያስመሰክራል፤ ዝማሬ መዋሥዕት የተማረ ዙር አምባ ይወጣል። በአባ ጅፋር ጅማም ደረሳው ኪታቡን በሼኹ ፊት ጨርሶ ኢጃዛ ይቀበላል። መምህሩ ሊያዳላ፣ ቂም ሊይዝም ይችላል (ሰው ነውና)። ነገር ግን ፍርዱ ባለቤት ነበረው። «የማን ተማሪ ነህ?» ሲባል ስም ይጠራል።

ዘመናዊው ፈተና ያንን ስም በቁጥር ተካው። የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ነጥብ ለረጅም ጊዜ ከፍና ዝቅ ይል የነበረው ባለው የቅበላ ቦታ ልክ ነው። ለውድድር ይህ ያስኬዳል፤ ለሙያ ፈቃድ አያስኬድም። ቦታ ሞላ ተብሎ ብቁ አዋላጅ አትጣልም፤ ባለሙያ ጠፋ ተብሎም ያልበቃ አያልፍም። አንድ ቦታ ላይ የተተከለ ሃምሳም ከዚህ አይሻልም፦ ፈተናው ከከበደ ሃምሳ ያገኘው ጎበዝ ነው፤ ከቀለለ ያው ሃምሳ ለሕመምተኛ አደጋ ነው።

አሜሪካዊው ዊሊያም አንጎፍ እ.ኤ.አ. በ1971 በአንድ ትልቅ የምዘና መጽሐፍ ውስጥ ጥቂት መስመር ብቻ የሰጠው ሐሳብ ዛሬ በብዙ አገር ይሠራበታል። ሙያውን የሚያውቁ ሰዎች ተሰብስበው ጥያቄዎቹን አንድ በአንድ ያያሉ፦ «ለሥራው ለጥቂት የበቁ 100 ጀማሪዎች ቢፈተኑ ይህን ስንቶቹ ይመልሱታል?» የግምቶቹ አማካይ ለየጥያቄው ይያዝና ተደምሮ ማለፊያውን ያወጣል። 53 ሊሆን ይችላል፤ 61ም ሊሆን ይችላል። ጥያቄዎቹ ሲቀየሩ ነጥቡም ይቀየራል።

ይህም ቢሆን የሰው ግምት ነው፤ ስለዚህ ወንበሩ ላይ ማን እንደሚቀመጥ ወሳኝ ነው። ገማቾቹ ሁሉ ከሪፈራል ሆስፒታልና ከዩኒቨርሲቲ ከመጡ፣ በገጠር ጤና ጣቢያ ሌሊት ብቻዋን ተረኛ የምትሆን አዋላጅ ማወቅ ያለባትን ነገር ሊስቱት ይችላሉ። ከወሊድ በኋላ ደም ሲፈስ፣ አምቡላንስ እስኪደርስ ምን እንደሚደረግ የሚጠይቅ ጥያቄ ቢቀርብ ስፔሻሊስቱ «60ዎቹ ይመልሱታል» ሊል ይችላል። እንደ አሰንዳቦ ባለ ጤና ጣቢያ ዓመታት ያገለገለችው አዋላጅ «95 ካልመለሱት ለሥራው አልበቁም» ልትል ትችላለች። ሁለቱም ግምቶች በቃለ ጉባኤ ሰፍረው፣ በ49 የወደቀው ተመራቂ ሲጠይቅ ሊታዩት ይገባል።