በግ ለክትባት ዕውቀት ያበረከተው ድርሻ

በግ ለአርሶ አደሩ የገቢ ምንጭ፣ የበዓል ድምቀትና የክፉ ቀን መወጫ መሆኑ የታወቀ ነው። የሰው ልጅ የክትባትን አሠራር ለማወቅ ባደረገው ጥረትም ይኸው እንስሳ ከፍተኛ ድርሻ አለው።

እንደሚታወቀው በሰውነት ውስጥ ከደም ሥሮች ሌላ ሊምፍ የተባለ ፈሳሽ የሚሄድባቸው ቀጫጭን ቧንቧዎች አሉ። በመንገዳቸው ላይም ዕጢዎች ይገኛሉ። እግር ቆስሎ ሲያመረቅዝ በብሽሽት የሚያብጠው ንፍፊት ከእነዚሁ ዕጢዎች አንዱ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ በአውስትራሊያ፣ ካንቤራ ከተማ፣ ሆልና ቢድ ሞሪስ የተባሉ ተመራማሪዎች በበግ የኋላ እግር ከሚገኝ ዕጢ በሚወጣው ቧንቧ ውስጥ ቀጭን ቱቦ አስገቡ። በጉ በረቱ ቆሞ መኖውን እየበላ ሊምፉ ለቀናት ተጠራቀመ። በእግሩ ባዕድ ነገር ሲወጋም፣ ከጥቂት ቀናት በኋላ በሽታ ተከላካይ ህዋሳት ከዕጢው በብዛት ሲወጡ ታየ። ይሁን እንጂ መልእክቱን ወደ ዕጢው የሚያደርሰው ማን እንደሆነ ገና አልተለየም ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1973 ራልፍ ስታይንማንና ዛንቪል ኮን በአሜሪካ ዴንድሪቲክ የተባለውን ህዋስ ለዓለም አስተዋወቁ። ስታይንማን በዚሁ ሥራው በ2011 የኖቤል ሽልማት ተሰጥቶታል።

ከ2000 ወዲህ ደግሞ በሜልበርን የሚገኙ ተመራማሪዎች ክትባት የተሸከሙ ደቃቅ ቅንጣቶችን በበግ ላይ ሞከሩ። ናኖ የሚባሉት ቅንጣቶች የሚለኩት በሚሊ ሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው። ተመራማሪዎቹ አስቀድመው ዕጢውን በቀዶ ሕክምና በማውጣታቸው፣ ወደ ዕጢው ይገባ የነበረውን ሊምፍ በቀጥታ ለመቅዳት ቻሉ። በዚህም መሠረት ከክትባቱ ከፊሉ ከፈሳሹ ጋር በራሱ እንደሚፈስ፣ ቅንጣቶቹን ግን በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ቀድመው የሚደርሱ ነጭ የደም ህዋሳት፣ በተከታዮቹ ቀናት ደግሞ ዴንድሪቲክ ህዋሳት ተሸክመው እንደሚጓዙ ተረጋገጠ።

ከዚህ ታሪክ አርሶ አደሩ የሚያገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። መርፌው የገባበት ዕለት የሥራው መጀመሪያ ነው። መልእክቱ ተጓጉዞ፣ ዕጢው ሠራዊቱን አሰልጥኖ እስኪያሰማራ ድረስ ቀናትና ሳምንታት ያልፋሉ። በሽታ ጎረቤት መንጋ ከገባ በኋላ ክትባት ፍለጋ መሯሯጥ፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው ነው። በ2015 በተነደፈው ዓለም አቀፍ ስትራቴጂ የበግና የፍየል ደስታ መሰል በሽታን እስከ 2030 ከምድር ለማጥፋት ታቅዷል። ለዚህም መንጋን በወቅቱ ማስከተብ የእያንዳንዱ አርቢ ድርሻ ነው።