ጠበንጃ ሠሪና ጠበንጃ ሻጭ በአሜሪካ ችሎት ፊት

የዚህ አጭር ጽሑፍ ዐላማ በአሜሪካ አገር የጦር መሣሪያ ሠሪዎችና ሻጮች በፍትሐ ብሔር እንዳይከሰሱ የተደነገገው ገደብ ከምን እንደ ተነሣና ምን ውጤት እንዳስከተለ መመርመር ነው። ዘመኑ ሁሉ የተጻፈው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

በ1998 ዓ.ም. የኒው ኦርሊንስና የቺካጎ ከተሞች ተኳሹን አልፈው ፋብሪካዎቹን ከሰሱ። በዚያው ዓመት የትንባሆ ኩባንያዎች ለ46 ክፍላተ ግዛት ከ200 ቢሊዮን ዶላር በላይ ለመክፈል መስማማታቸው ለብዙዎች አርአያ ስለ ሆነ፣ ከሳሾቹ ከተሞችና አውራጃዎች ከ30 በላይ ደረሱ። ከተሞቹ፣ «ሠሪዎቹ መሣሪያው በየትኞቹ ነጋዴዎች በኩል ወደ ወንጀለኛ እጅ እንደሚገባ እያወቁ ዝም ብለዋል፤ የሐኪም ቤቱንና የፖሊሱን ወጪ ግን የሚከፍለው ሕዝብ ነው» ሲሉ ተከራከሩ። ሠሪዎቹ በበኩላቸው፣ «በሕግ የተፈቀደ ዕቃ በሕግ ሸጠን በሌላው ሰው ወንጀል ልንጠየቅ አይገባም፤ የክርክሩ ወጪ ብቻ ንግዳችንን ያጠፋዋል» አሉ።

ገደቡ የተጀመረው በክፍላተ ግዛት ነው። የጆርጂያ ምክር ቤት በ1999 የአትላንታን ከተማ ክስ ለመከልከል ሕግ አወጣ፤ ሉዊዚያናም እንዲሁ አደረገች። ይህ በእንዲህ እንዳለ በ2002 በዋሽንግተን አካባቢ 10 ሰዎች የተገደሉበት ጠበንጃ ታኮማ ከተማ ከሚገኝ ሱቅ የጠፋ ሆኖ ተገኘ፤ በ2004 ሱቁና ሠሪው ለከሳሾቹ 2.5 ሚሊዮን ዶላር ያህል ለመክፈል ተስማሙ።

በሚቀጥለው ዓመት ኮንግሬስ ሕጋዊ የጦር መሣሪያ ንግድን የሚጠብቅ ሕግ አወጣ። የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት በ65 ድምፅ በ31፣ የተወካዮቹ ምክር ቤት በ283 በ144 ከወሰኑ በኋላ፣ ፕሬዚዳንት ጆርጅ ደብልዩ ቡሽ ጥቅምት 26 ቀን 2005 ፈረሙበት። ሕጉ ሌላ ሰው በመሣሪያው ስለ ፈጸመው ወንጀል ሠሪና ሻጭ እንዳይከሰሱ ከለከለ፤ በችሎት ላይ የነበሩትም መዝገቦች እንዲዘጉ አዘዘ። በዚህም መሠረት የኒው ዮርክ ከተማ ክስ በ2008 በይግባኝ ፍርድ ቤት ውድቅ ሆነ።

ይሁን እንጂ ሕጉ ስድስት ልዩ ሁኔታዎችን አስቀርቷል። ከእነዚህም አንዱ ሠሪው ወይም ሻጩ የሽያጭን ወይም የማስታወቂያን ሕግ ዐውቆ ከጣሰና ጉዳቱ ከዚሁ የመጣ እንደ ሆነ ነው። ከዚህ በኋላ ያለው ታሪክ አብዛኛው በዚህ «ዐውቆ» በሚለው ቃል ዙሪያ የሚዞር ነው። በ2012 በኮነቲከት 20 ሕፃናትና 6 የትምህርት ቤት ሠራተኞች በተገደሉ ጊዜ፣ ከሳሾቹ የጠበንጃው ማስታወቂያ የክፍለ ግዛቱን የንግድ ሕግ ይጥሳል ብለው ተነሡ። የክፍለ ግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2019 ክሱ እንዲቀጥል ፈቀደ፤ በ2022 ለዘጠኝ ቤተ ሰቦች 73 ሚሊዮን ዶላር ተወሰነላቸው፤ ይህም በፍርድ ሳይሆን በስምምነት ነው። በአንጻሩ የሜክሲኮ መንግሥት በ2021 ያቀረበውን ክስ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2025 በሙሉ ድምፅ አልተቀበለውም፤ ምክንያቱም ሠሪዎቹ በሕገ ወጥ ሽያጭ ዐውቀው መርዳታቸው በክሱ በበቂ አልተገለጸም አለ።

ከዚህ ሁሉ የምንረዳው የ2005ቱ ሕግ ሠሪዎቹን ንጹሓን ናቸው ብሎ አለመፍረዱን ነው። ያደረገው ጥያቄውን ከዳኛ ፊት ማንሣት ነው። ገዳዩ ብዙ ጊዜ ወይ ሞቷል ወይ ታስሯል፤ ካሣ የሚከፍልበትም ሀብት የለውም። ስለዚህ ሕጉ ንግዱን ከኪሣራ ሲጠብቅ፣ የጉዳቱን ዋጋ በተጎጂው ላይ እንዲቀር አድርጓል። ይህ ተገቢ ነው ወይስ አይደለም የሚለው ክርክር የሚያበቃው በችሎት ሳይሆን ሕጉን ባወጣው ምክር ቤት ነው።